ለቀረጻ፣ ለቅንብርና ለማጫወት የትኛው የቪዲዮ ፎርማት? ጥያቄና መልስ

ጥያቄ (ከሐዋሳ)፦ የሰርግ ቪዲዮ እሠራለሁ። ካሜራዬ የሚቀዳው በኤች 265 (የቪዲዮ መጨመቂያ ዘዴ) ሲሆን፣ ሳቀናብር ኮምፒውተሬ ይንቀረፈፋል። ራም ልጨምርበት?

መልስ፦ ችግሩ ከራም አይመስለኝም። ኤች 264ም ሆነ ኤች 265 ቦታ የሚቆጥቡት እያንዳንዱን ፍሬም (ቪዲዮው የተሠራበትን ነጠላ ምስል) በሙሉ ባለመያዝ ነው፤ አንዱን ሙሉ ያስቀምጡና ለተከታዮቹ ከአጠገባቸው ካሉት የሚለዩበትን ብቻ ይመዘግባሉ። ስለዚህ ሙሽራው ቀለበት በሚያጠልቅበት ቅጽበት ላይ ሲቆሙ፣ ፕሮግራሙ ወደ ኋላ ሄዶ ከሙሉው ፍሬም ጀምሮ እየፈታ መምጣት ይኖርበታል፤ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ባሉ ቁጥርም ይኸው ይደገማል። ለቅንብር የተሠሩት ፕሮሬስና ዲኤንኤክስ ኤችአር ግን እያንዳንዱን ፍሬም ለብቻው ስለሚጨምቁ የተፈለገው ወዲያው ይነሳል። ክፍያው የዲስክ ቦታ ነው፤ ፕሮሬስ 422 በ1080 ጥራትና በሰከንድ 25 ፍሬም በሰዓት 55 ጊጋባይት ያህል ይወስዳል። ይህን የሚችል ዲስክ ከሌለዎት አነስተኛ ፕሮክሲ (ጥራቱ የተቀነሰ የሥራ ቅጂ) ሠርተው በእሱ ይቁረጡ፣ የመጨረሻውን ግን ከዋናው ያውጡ። ካሜራው አንዴ የጣለውን ዝርዝር ፕሮሬስ አይመልሰውምና ዋናውን ፋይል አያጥፉ።

ጥያቄ፦ በአጠቃላይ የትኛው ፎርማት ይሻላል?

መልስ፦ ለየትኛው ሥራ?

ጥያቄ (ከዋሽንግተን)፦ አዲስ አበባ የተቀረጸ የወላጆቼ ሰርግ በቪኤችኤስ ካሴት አለኝ። እዚህ የገዛሁት ማጫወቻ ምስሉን አስተካክሎ አያሳይም። ወደ ኮምፒውተር እንዴት ላስገባው?

መልስ፦ ካሴቱ ተበላሽቷል ብለው እንዳይጥሉት። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥርዓት ፓል፣ የአሜሪካው ደግሞ ኤንቲኤስሲ ስለነበር፣ ፓል የሚያነብ ወይም ሁለቱንም የሚችል ማጫወቻ ይፈልጉ። ሲያስገቡ በ720 በ576፣ በሰከንድ 25 ፍሬም፣ ኪሳራ በሌለው ኤፍኤፍቪ1 ያስገቡ። የድሮ ካሴት ምስል በጥቃቅን ነጠብጣብ የተሞላ በመሆኑ፣ በዝቅተኛ ቢትሬት (በሰከንድ በሚመደብ የመረጃ መጠን) የተቀመጠ ኤች 264 አቅሙን በነጠብጣቡ ላይ ይጨርስና የሰዎቹን ፊት ያደበዝዘዋል። እያንዳንዱ ፍሬም ከሁለት የተጠላለፉ ግማሾች የተሠራ ነው፤ እነዚህን በቀረጻ ጊዜ አያዋህዱ፣ ያ ከዋናው በሚወጣ ቅጂ ላይ የሚሠራ ነው። ዋናውን ፋይል አያጥፉ፤ ካሴቱንም እንዲሁ።

ሌላ አባል፦ ለካሴት ኤፍኤፍቪ1 ማጋነን ነው። ዲቪ (የቀድሞ ዲጂታል ካሜራዎች ፎርማት) በሰዓት 13 ጊጋባይት ብቻ ይዞ እሱም ፍሬም በፍሬም ይጨምቃል።

ሦስተኛ አባል፦ የፓል ዲቪ ግን የቀለሙን መረጃ በአግድምም በቁመትም በግማሽ ይቀንሳል።

ሌላ አባል፦ ቪኤችኤስ ራሱ ምን ቀለም ኖሮት ነው የሚቀነሰው?

ሦስተኛ አባል፦ ትንሽ ያለው ሰው ነው ለትንሿ የሚጠነቀቀው።

መልስ፦ ሁለታችሁም አልተሳሳታችሁም፤ ጠያቂው የዲቪ መሣሪያ ካላቸው ይጠቀሙበት። ከሌላቸው ለዚህ ብለው አይግዙ።

ጥያቄ፦ በኦቢኤስ (የኮምፒውተር ስክሪን መቅጃ ፕሮግራም) ትምህርት እቀዳለሁ። መብራት ሲጠፋ የቀዳሁት ፋይል አልከፍት ይላል።

መልስ፦ የተለመደው ኤምፒ4 ማውጫውን የሚጽፈው ቀረጻው ሲዘጋ ነው፤ ሳይዘጋ መብራት ከሄደ ውስጡ ያለውን የሚያነብለት የለም። በኤምኬቪ ይቅዱ፤ እስከተቋረጠበት ድረስ ይከፈታል፣ ኋላም ጥራቱ ሳይነካ ወደ ኤምፒ4 ይዛወራል።

ጥያቄ፦ 4ኬ ሳቀናብር ኮምፒውተሬ በጣም ይዘገያል። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ የመጀመሪያውን መልስ ያንብቡ። ለዚህ ጥያቄ ሁለተኛ መልስ የለኝም።

ጥያቄ፦ ኤቪ1ስ?

መልስ፦ በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣ የመጨመቂያ ዘዴ ሲሆን፣ ለስርጭት የሚሆን ነው። ለቅንብር አይደለም።

ጥያቄ (ከሐዋሳ)፦ ለደንበኛ በፍላሽ የምሰጠው አንዳንድ ቴሌቪዥን ላይ ድምፅ ብቻ ይሰማል፤ ረጅሙ ደግሞ ፍላሹ ላይ አልገለበጥ አለ።

መልስ፦ የቆዩ ቴሌቪዥኖች ኤች 265 አይፈቱም፤ ለማስረከቢያ ኤች 264፣ 8 ቢት፣ በኤምፒ4 ያውጡ። ያልገለበጠው ፍላሹ በፋት32 ፎርማት የተደረገ ስለሆነ ይመስለኛል፤ 4 ጊጋባይት የሚሞላ ፋይል አይቀበልም። ወደ ኤክስፋት ቢቀይሩት ደግሞ የማያነበው ቴሌቪዥን አለ፤ ስለዚህ ሰርጉን ከፋፍለው ይስጡ። ያስረከቡትን ቅጂ እንደ ዋና ቆጥረው የካሜራውን ፋይል አያጥፉ።