ጓደኛዋን በመምረጧ የተገለለች ልጅ

ጥያቄ፦ በፍኖተ ሰላም የምኖር እናት ነኝ። የ7ኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው ልጄ ከገጠር መጥታ፣ ቤት ተከራይታ ከምትማር ልጅ ጋር በመወዳጀቷ የቀድሞ ጓደኞቿ አግልለዋታል። ጓደኝነቱን ላስቆማት?

መልስ፦ እባክዎ አያስቁሟት። በዚህ ዕድሜ ልጆች ለእኩዮቻቸው አስተያየት ትልቅ ቦታ ስለሚሰጡ፣ ሌላውን የሚያገልሉት ብዙውን ጊዜ በጥላቻ ሳይሆን «ነገ በእኔም ይደርሳል» በሚል ስጋት ነውና የቀድሞ ጓደኞቿን አይቆጧቸው። ከወላጆቿ ቤት ያመጣችውን ደርቆሽ አርሳ በልታ፣ ማንም ሳይቀሰቅሳት በሰዓቱ ክፍል የምትገኝ ልጅ፣ በእኔ እምነት፣ ለልጅዎ መልካም ባልንጀራ ናት። ከትምህርት መልስ ሁሉንም ቤትዎ ጠርተው በአንድ ገበታ ያብሏቸው፤ በሚቀጥለው ዓመት ለሚጠብቃቸው የ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተናም አብረው ማጥናት ይጀምሩ። ስድብ ወይም ማስፈራራት ካለ ግን ሳይውሉ ሳያድሩ ለክፍል ኃላፊው መምህር ይንገሩ።