ኮምፒውተሩ የናቀው ቢሾፕ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ከጓደኛዬ ጋር ተጨቃጭቀን ነው የምጽፍልዎ። እሱ «ኮምፒውተር የማያገኛቸው፣ ሰው ብቻ የሚያያቸው የቼዝ እርምጃዎች አሉ» ይላል። እኔ ደግሞ ስልኬ ላይ ያለው ኢንጂን (ቼዝ የሚጫወተው ፕሮግራም) የዓለም ሻምፒዮኑን ሳይቀር እያሸነፈ እንዴት ብሎ እላለሁ። ማናችን ነን ልክ?

መልስ፦ ሁለታችሁም ግማሽ ግማሽ። ይህን የምለው ላስታርቃችሁ ፈልጌ አይደለም። ስልክህ ላይ ያለው ስቶክፊሽ ማንንም ሰው ያሸንፋል፣ እዚህ ላይ ክርክር የለም። «ኮምፒውተር አያገኘውም» እየተባለ ከሚወራው ውስጥም ብዙው ድሮ እውነት የነበረ፣ ዛሬ ግን ማንም ሳይሞክረው የሚደጋግመው ነው። ግን ጓደኛህ ከመሬት ተነስቶ አላወራም።

ሰሌዳ ካለህ አውጣው። አሥር ፍሬ ብቻ ነው የምትደረድረው (ፊደሉ ዓምዱን፣ ቁጥሩ ረድፉን ነው የሚያሳየው)። ነጭ፦ ንጉሥ ጂ1፣ ቢሾፕ ሲ3፣ ወታደሮች ጂ2 እና ኤች4። ጥቁር፦ ንጉሥ ኢ6፣ ቢሾፕ ኤፍ5፣ ወታደሮች ኤ4፣ ዲ5፣ ኤፍ6 እና ጂ6። ተራው የጥቁር ነው። ቦታው የስፔኗ ሊናሬስ፣ ዓመቱ 1998 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው)፣ ነጩ ቬሰሊን ቶፓሎቭ፣ ጥቁሩ አሌክሲ ሺሮቭ።

ጥቁር በሁለት ወታደር ይበልጣል። ችግሩ ቢሾፖቹ፣ ማለትም በሰያፍ የሚሄዱት ፍሬዎች፣ ናቸው፤ የአንዱ በነጭ ካሬ፣ የሌላው በጥቁር ካሬ ላይ ነው የሚሄደው፣ ስለዚህ መቼም አይገናኙም። እንዲህ ዓይነት ጨዋታ ሁለት ወታደር ቢበልጡም ብዙ ጊዜ በአቻ ነው የሚያልቀው፣ ምክንያቱም ደካማው ወገን የራሱ ቢሾፕ በሚገዛቸው ካሬዎች ላይ መንገዱን ዘግቶ ይቀመጣል።

ሺሮቭ በ47ኛው እርምጃ ቢሾፑን አንስቶ ኤች3 ላይ አስቀመጠው። ጂ2 ላይ ያለው ወታደር በነፃ የሚበላው ቦታ ላይ! እኔ መጀመሪያ ሳየው የኅትመት ስህተት መስሎኝ ነበር።

አሁን ምን እንዳየ እንመልከት። የጥቁሩ ንጉሥ ነጩ ንጉሥ ኢ3 ከመድረሱ በፊት ኢ4 ላይ መቆም አለበት። መንገዱ በኤፍ5 በኩል ነው፣ ኤፍ5 ላይ ደግሞ የተቀመጠው የገዛ ራሱ ቢሾፕ ነው። ቢሾፑን ወደ ሌላ ቦታ ዞር ቢያደርገው ነጩ ንጉሥ በዚያችው ትርፍ ተራ ወደ መሀል ይገባና በሩን ይዘጋል። ኤች3 ላይ ሲያስቀምጠው ግን ቢሾፑ ጂ2ን ያስፈራራል፣ ነጭም ፋታ አያገኝም። ከበላው የጥቁሩ ንጉሥ ኤፍ5፣ የነጩ ኤፍ2፣ የጥቁሩ ኢ4፤ ነጭ በአንድ እርምጃ ዘገየ። ሳይበላ ንጉሡን ወደ ኤፍ2፣ ከዚያም ኤፍ3 አምጥቶ ኢ4ን ሊከለክል ቢሞክርስ? ያኔ ቢሾፑ ጂ2ን በቼክ (ንጉሡን እያስፈራራ) ይበላል፣ ንጉሡ መልሶ ሲበላው ከቦታው ተነቃነቀ ማለት ነው፣ ኢ4ም ክፍት ሆነች። ቶፓሎቭ በላ። ሺሮቭ ኤፍ6 ላይ ያለውን ወታደርም በነፃ ለቀቀለትና ዲ ወታደሩን ወደፊት ገፋ፣ ንጉሡ በዲ3 እና በሲ4 አልፎ ቢ3 ሲደርስ ቶፓሎቭ እጅ ሰጠ። አንድ ቢሾፕ ሁለት ወታደር ከሁለት ወገን ሲመጣበት ምን ያድርግ?

ይህ አቀማመጥ ከዚያ በኋላ ለዓመታት የኢንጂኖች መፈተኛ ነበር፣ ብዙዎቹም ወድቀውበታል። ለምን? በአንድ አቀማመጥ ላይ በአማካይ 30 እና 40 የሚደርሱ የሚፈቀዱ እርምጃዎች አሉ። ለእያንዳንዱ መልስ፣ ለመልሱ ደግሞ መልስ እያልክ ስትሄድ ቁጥሩ ሰማይ ይነካል። ስለዚህ ኢንጂኑ ሁሉንም እኩል አያይም። ሞኝ የሚመስለውን እርምጃ ገረፍ አድርጎ ያልፈዋል፣ ጥሩ የሚመስለውን ጠልቆ ያየዋል። ቢሾፕ በነፃ መስጠት ደግሞ ከሞኝም የባሰ ሞኝነት ነው የሚመስለው፣ ትርፉ የሚታየው ከብዙ እርምጃ በኋላ ነውና። የአሜሪካዊው የኮምፒውተር ሊቅ ሃንስ በርሊነር «የአድማስ ችግር» ያለውም ከዚሁ ጋር ይዛመዳል፦ ማሽኑ ከሚያይበት ርቀት ማዶ ያለው ነገር ለእሱ የለም። (በርሊነር ራሱ በደብዳቤ በሚካሄደው ቼዝ የዓለም ሻምፒዮን ነበር።)

ሰው ግን ከሌላኛው ጫፍ ይጀምራል። እንደ እኔ ግምት ሺሮቭ እርምጃዎቹን አንድ በአንድ አልቆጠረም። «ንጉሤ ኢ4 መድረስ አለበት፣ ማነው የከለከለው?» ብሎ ነው የተነሳው። ያን ጥያቄ ከጠየቅክ ኤች3 ወዲያው ባይታይህም እንኳ መፈለግ ትጀምራለህ።

ዛሬ ያሉት ጠንካራ ኢንጂኖች ትንሽ ጊዜ ከሰጠሃቸው ያገኙታል። ስለዚህ ለጓደኛህ «በ1998 ልክ ነበርክ» በለው።

ጥያቄ፦ እኔ ቼዝ ከጀመርኩ ዓመት አልሞላኝም። ዛሬስ ኮምፒውተሩ የሚሳሳትበት፣ እንደ እኔ ያለች ጀማሪ ግን የምታየው ነገር አለ?

መልስ፦ አለ እህቴ፣ እንዲያውም ለጀማሪ ደስ የሚል። በ2017 በሳይንቲስቱ ሮጀር ፔንሮዝ ስም የተሰየመው ተቋም አንድ አቀማመጥ ለሕዝብ አውጥቶ ነበር። ጥቁር ንግሥት፣ ሁለት ሩክና ሦስት ቢሾፕ አለው። ነጭ ከንጉሡ ሌላ ያሉት አራት ወታደሮች ብቻ ናቸው። ፍሬ የሚቆጥር ሁሉ ነጭ አለቀለት ይላል፣ የወቅቱ ኢንጂንም ያለው ይህንኑ ነው።

ግን ልብ ብለሽ እዪው። ንግሥቲቱና ሩኮቹ ጥግ ላይ በወታደሮች ታሽገዋል። ሦስቱም ቢሾፖች ጥቁር ካሬ ላይ ናቸው። እና ነጭ ምን ያድርግ? ንጉሡን ነጭ ካሬ ላይ ወዲያ ወዲህ ማንሸራሸር፣ በቃ። ማንም አይነካውም፣ ጨዋታው አቻ ነው። ወጥመድም አለው፦ ነጭ በወታደሩ ሩክ መብላት ይችላል። ከበላ ግን ለታሰረችው ንግሥት በሩን ራሱ ከፈተላት። ሰው «ይህ በር መቼም አይከፈትም» ብሎ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጨርሰዋል። ኢንጂኑ ይህን ዓረፍተ ነገር አያውቀውም፣ መቁጠር ነው የሚያውቀው።

ከበድ ያለ ካማረሽ ደግሞ የፕላስኬት እንቆቅልሽ የሚባለውን ፈልጊው። በ1987 ብራስልስ ላይ ታላላቅ ተጫዋቾች ፊት ቀርቦ አስጨንቋቸው ነበር። የቀድሞው የዓለም ሻምፒዮን ሚካኤል ታል ወጣ ብሎ ፓርክ ውስጥ ተንሸራሽሮ መልሱን ይዞ ተመለሰ ይባላል። ቁልፉ ላይ ወታደሩ መጨረሻ ደርሶ ንግሥት ሳይሆን ፈረስ ይሆናል። ከዚህ በላይ አልነግርሽም።

ጥያቄ፦ ኦንላይን ስጫወት ንግሥቴን መስዋዕት አድርጌ አሸነፍኩ። በኋላ ኢንጂኑ እርምጃዬን በሁለት የጥያቄ ምልክት ቀይ አደረገብኝ። አሸንፌ እንዴት ተሳሳትክ እባላለሁ?

መልስ፦ ኢንጂኑ የሚነግርህ ምንም የማይሳሳት ባላጋራ ቢኖርህ ምን እንደሚሆን ነው። ያንተ ባላጋራ ግን ሰው ነው፣ ይደነግጣል።

በ1962 ሮስቶቭ ላይ ራሺድ ኔዥሜትዲኖቭ ከቼርኒኮቭ ጋር ሲጫወት ገና በ12ኛው እርምጃ ንግሥቱን ሰጥቶ አንድ ቢሾፕና አንድ ፈረስ ብቻ ተቀበለ። ቼክሜት የለ፣ ንጉሥ ማሳደድ የለ። ንግሥት ዘጠኝ፣ ቢሾፕና ፈረስ ሦስት ሦስት ነጥብ ስለሚቆጠሩ በዘጠኝ ነጥብ ስድስት ነጥብ መግዛት ነው፣ ዓይን ያወጣ ኪሳራ። ግን በጥቁሩ ንጉሥ ዙሪያ ያሉት ጥቁር ካሬዎች ጠባቂ አጡ፣ የነጭ ቀላል ፍሬዎች እዚያ ሰፈሩባቸው፣ በመጨረሻም አሸነፈ። እኔ ከማውቃቸው መስዋዕቶች ሁሉ የምወደው ይህን ነው፤ ሁሉን እስከ መጨረሻው አስልቶ ሳይሆን ሸትቶት የከፈለው ዋጋ ስለሆነ።

ይሁንና ጨዋታህን አይቼዋለሁ። ያንተው ንግሥት መስዋዕት ሳትሆን ተረስታ የተበላች ነው የምትመስለው። አትቀየመኝ።

ጥያቄ፦ ካስፓሮቭ በ1999 ኔዘርላንድስ ውስጥ ቪክ አን ዜ ላይ ያሸነፈው ዝነኛ ጨዋታ ከእነዚህ ይመደባል?

መልስ፦ በውበቱ ይመደባል፣ ኮምፒውተር ከማያገኛቸው ግን አይመደብም። ዲ4 ላይ ሩኩን የሰጠበትን እርምጃ ዛሬ ስልክህ በቀላሉ ያገኘዋል። ይባስ ብሎ ጥቁር ሩኩን ሳይበላ ንጉሡን ወደ ቢ6 ቢያወጣ ኖሮ ይተርፍ እንደነበረም ያሳይሃል። በሰሌዳው ላይ የተቀመጠው ሰው ግን በላ፣ ንጉሡም ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው ጫፍ ተሳደደ። በነገራችን ላይ የዚያም ጨዋታ ተሸናፊ ቶፓሎቭ ነበር። ምስኪን። ደግነቱ በ2005 የፊዴ (የዓለም ቼዝ ፌዴሬሽን) የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል።