የጀርመን ጦር የሪባን ረድፍ፦ እውነተኛውን ከአስመሳዩ መለየት

ጥያቄ፦ በአዳማ ከተማ አሮጌ ሳንቲሞችና ቴምብሮች ከሚሸጡ አንድ አዛውንት ዘንድ፣ አራት ሪባኖች የተደረደሩበትና በደረት ላይ የሚሰካ የጀርመን ጦር ምልክት አገኘሁ። የመጀመሪያው ሪባን መሐሉ ቀይ፣ ግራና ቀኙ ነጭ፣ ጠርዞቹ ጥቁር ሲሆኑ፣ 1939 የሚል ዓመት ያለበት ትንሽ የብረት ንስር ተሰክቶበታል። ሁለተኛው ቀይ ሆኖ በመሐሉ ነጭ፣ ጥቁርና ነጭ መስመሮች አሉት። ሦስተኛው ጥቁርና ነጭ ሆኖ መሐሉ ላይ ቀይ መስመር አለው፤ የተጣመሩ ትናንሽ ሰይፎችም አሉበት። አራተኛው ምንም ያልተሰካበት ሰማያዊ ነው። ሻጩ ዕቃው በአገራችን ይሠሩ ከነበሩ ጀርመናዊ መሐንዲስ የተገኘ ነው ይላሉ። የጠየቁኝ ዋጋ ቀላል ስላልሆነ፣ ከመክፈሌ በፊት እውነተኛነቱን በምን ላረጋግጥ? የፊቱንና የጀርባውን ፎቶግራፍ ልኬላችኋለሁ።
አንባቢ፣ ከአዳማ

መልስ፦ ውድ አንባቢያችን፣ የመሐንዲሱ ታሪክ በደብዳቤ ወይም በፎቶግራፍ እስካልተደገፈ ድረስ ለዕቃው ምስክር ሊሆን ስለማይችል ለጊዜው ወደ ጎን ይተዉት። እያንዳንዱ ሪባን አንድ ሽልማትን ስለሚወክል፣ እንዲህ ያለ የሪባን ረድፍ የአንድ ወታደር የአገልግሎት መዝገብ ነው፤ በመሆኑም አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት እነዚህን አራት ሽልማቶች በአንድነት ያገኘ ሰው ሊኖር ይችል ነበር ወይ የሚለው ነው። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።)

ሦስተኛው ሪባን በሐምሌ 1934 ለአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘማቾች የተመሠረተው የክብር መስቀል ነው፤ ሰይፎቹ ባለቤቱ በግንባር የተዋጋ መሆኑን ያመለክታሉ። ሰማያዊው በመጋቢት 1936 የተጀመረው የረጅም አገልግሎት ሽልማት ሲሆን፣ ሁለተኛው ደግሞ በ1941 እና በ1942 መካከል በነበረው የአውሮፓ የበረዶ ክረምት በሶቪየት ግንባር ለዘመቱ ሰዎች በግንቦት 1942 የተመሠረተው የምሥራቅ ግንባር ሜዳልያ ነው። በወጣትነቱ በአንደኛው ጦርነት የተዋጋ፣ በ1930ዎቹ በሠራዊቱ ያገለገለና በኋላም ወደ ምሥራቅ የዘመተ ሰው በእርግጥ ሊኖር ይችላል።

ችግሩ ያለው በመጀመሪያው ሪባን፣ ማለትም በ1939 የብረት መስቀል (በጦርነት ለተፈጸመ ጀብዱ የሚሰጥ ሽልማት) ሪባን ላይ ነው። ንስሩ የሚሰጠው በአንደኛው የዓለም ጦርነት የብረት መስቀል ተሸልሞ፣ በሁለተኛውም ጦርነት ያንኑ ሽልማት በድጋሚ ላገኘ ሰው ነበር። ስለዚህ ቦታው በጠርዞቹ አጠገብ ነጭ መስመሮች ባሉት የ1914 ጥቁር ሪባን ላይ ነው። ሽልማቱን ለመጀመሪያ ጊዜ በሁለተኛው ጦርነት ያገኘ ሰው ቀይ ያለበትን ሪባን ያደርጋል እንጂ ንስር አይሰካበትም። ሪባኑን የሰፋው ሰው ተሳስቶ ይሆናል የሚል መከራከሪያ እሰማለሁ፤ ነገር ግን የራሱን ሽልማት ጠንቅቆ የሚያውቅ ወታደር እንዲህ ያለውን ስሕተት በደረቱ ላይ ተሸክሞ ይዞራል ብዬ አላምንም።

ሰማያዊው ሪባን ላይም አብዛኛውን ጊዜ ትንሽ ንስር ይኖራል። ወድቆ ከሆነ እግሮቹ የገቡባቸው ቀዳዳዎችና ከብርሃን ተከልሎ ያልደበዘዘ ምልክት መታየት ነበረባቸው፤ በላኩልን ፎቶግራፍ ላይ ሁለቱም አይታዩም።

ወደ ጀርባው ስንመጣ፣ የሠሪው ስም አለመኖሩ ሊያሳስብዎ አይገባም፤ እነዚህን ረድፎች የሚያዘጋጁት ልብስ ሰፊዎችና የወታደር ዕቃ መደብሮች ስለነበሩ አሠራራቸው አንድ ወጥ አልነበረም። ከዚያ ይልቅ ዝገቱን ይመልከቱ። ለብዙ ዓመታት በጨርቅ ላይ የተኛ መርፌ ሲዝግ ጨርቁንም አብሮ ያቆሽሸዋል፤ በፎቶግራፉ ላይ ግን መርፌው ዝጎ ከሥሩ ያለው ጨርቅ ንጹሕ ነው። የሪባኑንም እጥፋት በቀስታ ገለጥ አድርገው ቢያዩ፣ የውስጠኛው ቀለም ከፊተኛው የደመቀ መሆን ይኖርበታል። ውስጡም ውጩም እኩል ቡናማ ከሆነ በሻይ ወይም በቡና ተነክሮ ሊሆን ይችላል፤ ሥራው የቅርብ ጊዜ ከሆነ ደግሞ የቡናውን ሽታ የአገራችን ሰው አፍንጫ አይስተውም።

ሐሰተኛ የብር ኖት በሚፈተሽበት የአልትራቫዮሌት መብራት ሥር ደማቅ ሰማያዊ ነጭ ሆኖ የሚያበራ ክር ከጦርነቱ በኋላ የተሠራ ለመሆኑ ጠንካራ ጥርጣሬ ያሳድራል። ሆኖም ይህ ፈተና ብቻውን ፍርድ አይሰጥም፤ በዘመናችን የልብስ ሳሙና የታጠበ እውነተኛ ጥጥም ያበራል፣ ዛሬ የተሠራ ጥጥ ደግሞ ላያበራ ይችላል። የሪባኑን ብቻ ሳይሆን የስፌቱን ክር ለይተው ይመልከቱ፤ ከጦርነቱ የተረፈ እውነተኛ ሪባን በአዲስ ክር ተሰፍቶ የሚሸጥበት ጊዜ አለና ከሁሉ የሚያስቸግረው ይኸኛው ነው። ክሩን በእሳት የመፈተን ልማድ ግን ዕቃውን ስለሚያበላሽ አልመክረውም።

በምዕራብ ጀርመን በ1957 የወጣ ሕግ የቀድሞ ወታደሮች ስዋስቲካ (የናዚዎች ጠማማ መስቀል) የሌለባቸውን ሽልማቶች እንዲያደርጉ ስለፈቀደ፣ በዚያ ዘመን የተሠሩ ትክክለኛ ረድፎችም አሉ። የእርስዎ ንስር ግን ስዋስቲካውን እንደያዘ ስለሆነ ወይ የጦርነቱ ዘመን ነው፣ ወይ ቅጂ ነው። በአጉሊ መነጽር ሲያዩት ጠርዙ የደነዘዘና በትናንሽ የአየር ጉድጓዶች የተሞላ ከሆነ ቀልጦ የፈሰሰ ቅጂ ነው፤ በማሕተም የተመታው ጥርት ያለ መስመር አለው። በሙጫ ተለጥፎ ከሆነም አይቀበሉት።

በእኔ ግምት በእጅዎ ያለው ምናልባት ጥቂት እውነተኛ ክፍሎች ያሉበት፣ ነገር ግን አንድ ሰው በደረቱ ያላደረገው ቅንብር ነው። በተጠየቀው ዋጋ አይግዙት። ንስሩ ፈተናውን ካለፈ የእርሱን ብቻ ዋጋ ለሻጩ ሊያቀርቡ ይችላሉ፤ ከገዙም አይጠቡት።