ዱቄቱ ወይስ ፈሳሹ?

ጥያቄ፦ የአንድ ወር ልጄን የጡቴ ወተት ስላልበቃው ሐኪም ተጨማሪ የሕፃናት ወተት አዞለታል። እህቴ ተዘጋጅቶ የታሸገ ፈሳሽ ከውጭ አምጥታልኛለች፤ እዚህ የማገኘው ግን ዱቄቱን ነው። የቱ ይሻለዋል? (እናት፣ ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ እህታችን፣ ሁለቱ በምግብነታቸው ተቀራራቢ ናቸው። ፈሳሹ ከጀርም ነፃ ሆኖ ሲታሸግ ዱቄቱ ግን ጨርሶ ከጀርም የጸዳ ስላልሆነ፣ በተለይ ሁለት ወር ላልሞላው ወይም ያለ ጊዜው ለተወለደ ሕፃን ፈሳሹን እናስቀድማለን። ሲያልቅብዎ አይጨነቁ፤ ዱቄቱም በጥንቃቄ ከተዘጋጀ ልጅዎን ያሳድጋል።

የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው፣ ውሃው ከፈላ በኋላ ሙቀቱ ከ70 ዲግሪ ሳይወርድ ዱቄቱ እንዲጨመርበት ነው። ደብረ ብርሃን ከፍታ ላይ በመሆኗ ውሃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ ገደማ ስለሆነና ብርዱም ቶሎ ስለሚያቀዘቅዘው፣ ከምድጃ ካወረዱት በኋላ ብዙ አያቆዩት። ከበጠበጡት በኋላ ጡጦውን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ነክረው ያብርዱ፤ በክንድዎ ላይ ጠብ አድርገውም ሙቀቱን ይሞክሩ። እንዲበረክት ብለው ግን ከታዘዘው በላይ ውሃ ፈጽሞ አይጨምሩ፤ ሕፃኑን ይጎዳዋል። ጠጥቶ ያስተረፈውን ይድፉት፤ ጡትዎንም ማጥባት አያቋርጡ።