የዘርፉን ነገ ከውሉ ላይ አንብቡ፦ ለወጣት የቱሪዝም ባለሙያዎች

በአስጎብኚነት፣ በሆቴል ሽያጭ ወይም በጉዞ ወኪልነት ሥራ ለተሰማራችሁ ወጣቶች፤

ይዋል ይደር እንጂ አንድ ቀን ድርጅታችሁ ወደ ዓለም አቀፍ የጉዞ ንግድ ትርኢት ይልካችኋል። በጃንዋሪ ማድሪድ ላይ የሚካሄደው ፊቱር፣ በማርች የበርሊኑ አይቲቢ ወይም በኖቬምበር የለንደኑ ወርልድ ትራቭል ማርኬት ሊሆን ይችላል። በዚያ ስለ ዘርፉ የወደፊት ዕጣ ብዙ ትሰማላችሁ። ልመክራችሁ የፈለግሁትም ይህንኑ የሚመለከት ነው፦ ከመድረክ የሚነገረውን ትንበያ በልኩ አድምጡ፤ ገዢው (ቱሪስት የሚልከው የውጭ የጉዞ ድርጅት) እና ሻጩ (እናንተ) ጠረጴዛ ላይ የምትከራከሩበትን የውል ቃል ግን በጥሞና ተከታተሉ። (በዚህ ደብዳቤ የምጠቅሳቸው ወራትና ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አይቲቢ በ1966 ሲጀመር ከአምስት አገሮች የመጡ 9 አቅራቢዎች ብቻ ነበሩት፤ ዛሬ አቅራቢዎቹ በሺህ ይቆጠራሉ። ከ2023 ጀምሮም ለአጠቃላይ ሕዝብ ይከፈት የነበረውን ክፍል ትቶ ለሙያው ሰዎች ብቻ ሆኗል። ኢሜይልና የቪዲዮ ስብሰባ በሞላበት ዘመን ይህን ያህል ሰው አውሮፕላን ተሳፍሮ አዳራሽ ውስጥ የሚገናኝበት ምክንያት ጌጠኛው ዳስ ወይም የባህል ጭፈራው እንዳይመስላችሁ። ገዢው ደንበኞቹን፣ ገንዘቡንና ስሙን ለሚያስረክበው ሰው ፊት ለፊት ጥያቄ ማቅረብ ይፈልጋል። ለምሳሌ በአውሮፓ ኅብረት የጥቅል ጉዞ (በረራ፣ ሆቴልና ጉብኝት በአንድነት የሚሸጥበት) ሕግ መሠረት፣ ጥቅሉን ያዘጋጀው ድርጅት በውስጡ ለተካተቱት አገልግሎቶች በተጓዡ ፊት ተጠያቂ ነው፤ መኪናውን የነዳው ወይም ጉብኝቱን የመራው ሌላ አገር ያለ ድርጅት መሆኑ ከኃላፊነት አያድነውም። ስለዚህ አንድ ገዢ ስለ ተሽከርካሪዎቻችሁ መድን፣ ስለ አስጎብኚዎቻችሁ ፈቃድ፣ ተጓዥ ቢታመም ወደ የትኛው ሆስፒታል እንደምትወስዱት ሲጠይቃችሁ የተናቃችሁ አይምሰላችሁ። ብዙ ወጣቶች በዚህ ጥያቄ ቅር ይሰኛሉ፤ ብሮሹራቸውን ገልጠው ወደ ፎቶግራፎቹ ሊመልሱት ይሞክራሉ። እኔ ግን ይህን ጥያቄ የሚያነሳውን ገዢ ከሚያደንቃችሁ ገዢ አስበልጬ አየዋለሁ፤ ሥራውን በቁም ነገር ያሰበበት እሱ ነውና።

ወደ ትንበያው ልመለስ። ዛሬ ዩኤን ቱሪዝም የሚባለው የዓለም የቱሪዝም ድርጅት በ1990ዎቹ ባዘጋጀው የረጅም ጊዜ ትንበያ፣ በ2020 ድንበር ተሻግረው የሚጓዙ ቱሪስቶች ቁጥር ወደ 1.56 ቢሊዮን እንደሚደርስ ገምቶ ነበር። ግምቱ የዋዛ አልነበረም፤ በ2019 ቁጥሩ በእርግጥ ወደ 1.46 ቢሊዮን ተጠግቶ ነበር። በ2020 ግን ወረርሽኙ ወደ 400 ሚሊዮን ገደማ አወረደው፤ የዚያ ዓመት አይቲቢ ራሱ ሊከፈት ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ተሰረዘ። በ2024 ደግሞ ቁጥሩ ተመልሶ ወደ 1.4 ቢሊዮን ደረሰ። ከዚህ በመነሳት ትንበያ ዋጋ የለውም አልልም፤ ሰው የመጓዝ ፍላጎቱ እንደማይጠፋ በሚገባ አሳይቷልና። የማይነግረን ነገር የትኛው ድርጅት ተርፎ ያንን ፍላጎት እንደሚያስተናግድ ነው።

ለዚህም ከወረርሽኙ በፊት የደረሰውን ተመልከቱ። በ1841 በእንግሊዝ የባቡር ሽርሽር በማዘጋጀት የጀመረው የጉዞ ድርጅት ቶማስ ኩክ የፈረሰው ሴፕቴምበር 23 ቀን 2019 ነው፤ ማለትም የዓለም የቱሪስት ፍሰት እስከዚያ ድረስ ታይቶ በማያውቅ ከፍታ ላይ በነበረበት ዓመት። የብሪታንያ መንግሥት ወደ 150,000 የሚጠጉ ዜጎቹን ወደ አገራቸው ማጓጓዝ ነበረበት። በግሪክ፣ በስፔንና በቱርክ ያሉ ብዙ ሆቴሎች ደግሞ በዋናው የበጋ ወቅት ላስተናገዷቸው እንግዶች ክፍያቸውን ሳያገኙ ቀሩ፤ እንግዳው ከሄደ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ እንዲከፈላቸው በዱቤ ተስማምተው ነበርና። ክፍሎቻቸው ሞልተው ነበር፤ በእጃቸው የቀረው ግን ያልተከፈለ ደረሰኝ ነው። ስለዚህ ትልቅ ስም ያለው ገዢ ብዙ እንግዳ እንደሚልክ ሲነግራችሁ፣ ከቁጥሩ አስቀድማችሁ ስንት ቀን ዱቤ እንደሚፈልግና ምን ያህል ቀብድ እንደሚያስይዝ ጠይቁት።

የዘርፉ ነገ የሚነበበውም ከእነዚሁ ነጥቦች ነው። ገዢዎች በመጪው ዓመት ሲተማመኑ ለክፍሎች ዋስትና ሰጥተው ቀድመው ይከፍላሉ፤ ሲጠራጠሩ ግን ያልሸጡትን ክፍል ያለ ቅጣት የሚመልሱበትን ቀን፣ እኛ ‹ሪሊዝ› የምንለውን፣ እንግዳው ወደሚደርስበት ቀን ለማስጠጋት ይሟገታሉ። ከአንድ አገር የመጡ በርካታ ገዢዎች በአንድ ትርኢት ላይ የስረዛ ደንቡ እንዲላላ ሲጠይቁ ከሰማችሁ፣ መድረክ ላይ ያለው ተናጋሪ ስለ ዕድገት እየተናገረም ቢሆን የዚያ አገር ገበያ መስጋቱን ልብ በሉ። የሚጠይቋችሁን ወርም መዝግቡ። የሜድትራኒያን በጋ ሙቀት እየከበደ በመጣ ቁጥር፣ ሁልጊዜ ጁላይንና ኦገስትን ይጠይቅ የነበረ ገዢ ወደ ሜይ ወይም ወደ ኦክቶበር ቢያዘነብል ለእናንተ የሠራተኛ ቅጥርና የዋጋ ሠንጠረዥ ለውጥ ማለት ነው።

አንድ ሌላ ነገር ደግሞ ከእኔ ትውልድ ይልቅ የእናንተን ያስጨንቃል። እኛ ሥራችንን የምንመዝነው በመጣው ሰው ብዛት ነበር። አሁን ግን ነገሩ ተለውጧል፦ ቬኒስ በኤፕሪል 2024 በተመረጡ ቀናት የማያድር ጎብኚን 5 ዩሮ ማስከፈል ጀመረች፤ ባርሴሎናም ለቱሪስት የሚከራዩ አፓርታማዎችን ፈቃድ በ2028 ለማቋረጥ ማቀዷን አስታውቃለች። በቱሪስት ብዛት ላይ ያለው የነዋሪው ቅሬታ ከቤት ኪራይ ጋር የተያያዘ ስለሆነ በማስታወቂያ ዘመቻ የሚበርድ አይደለም። የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ ከ2025 ጀምሮ በአውሮፕላን ማረፊያዎቹ የሚቀርበው ነዳጅ ቢያንስ 2 በመቶው ዘላቂ የአቪዬሽን ነዳጅ (የካርቦን ልቀቱ ዝቅ ያለ የአውሮፕላን ነዳጅ) እንዲሆን ደንግጓል፤ ድርሻው በ2030 ወደ 6 በመቶ፣ በ2050 ወደ 70 በመቶ ያድጋል። ይህ ነዳጅ ከተለመደው እጅግ ውድ በመሆኑ ልዩነቱ ዞሮ ዞሮ ከቲኬት ዋጋ ላይ ያርፋል። በእኔ ግምት የረጅም በረራ ተጓዥ ቁጥሩ በፍጥነት ከሚጨምር ይልቅ አንዴ ሲመጣ ብዙ ቀን የሚቆይ ይሆናል፤ የአራት ቀን ፕሮግራም ብቻ ይዛችሁ ትርኢት አትሂዱ።

ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚደረገው ወሬ ብዙ ስለሆነ እኔ አልጨምርበትም። መሣሪያውን የሚሸጥላችሁን የምትጠይቁት አንድ ጥያቄ ይበቃል፦ ይህ መሣሪያ ለኦንላይን የጉዞ ወኪሎች የምከፍለውን ኮሚሽን ይቀንስልኛል ወይስ አዲስ ኮሚሽን ተቀባይ ያመጣብኛል?

ለትርኢቱ ስትዘጋጁ ቀጠሮዎቻችሁን ከሳምንታት በፊት ያዙ፤ ጥሩ ገዢ በመክፈቻው ዕለት ባዶ ሰዓት አይኖረውም። በየሁለቱ ቀጠሮ መካከል አሥር ደቂቃ ተዉ፤ የሰማችሁትንም እዚያው ጻፉ፦ የጠየቀውን ወር፣ የተከራከረበትን የውል ነጥብ፣ ዝም ያለበትን ዋጋ። ምሽት ላይ የሰበሰባችኋቸውን የስም ካርዶች ብቻ ይዛችሁ ብትቀመጡ የማን ጥያቄ የማን እንደነበር ይደበላለቅባችኋል። ስትመለሱ ለሁሉም አንድ ዓይነት የምስጋና ኢሜይል አትላኩ፤ እያንዳንዱ ላነሳው ጥያቄ መልሱን፣ የመድን ሰነድ ከሆነ ሰነዱን፣ በሳምንቱ ውስጥ ላኩለት። ለአለቃችሁ የምታቀርቡት ሪፖርትም በተሰበሰበው ካርድ ብዛት አይጀምር፤ የትኛው ገበያ ቀብድ ለመክፈል እንደተስማማና የትኛው እንዳመነታ በመጀመሪያው ገጽ ላይ ይስፈር።