በሆቴል እንግዳ መቀበያ ለምትሠሩ ወጣቶች

ውድ ልጆቼ፣

በሆቴል እንግዳ መቀበያ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሠርቻለሁ፤ አብዛኛውም በሌሊት ፈረቃ ነበር። አዲስ የሚቀጠሩ ወጣቶች አዘውትረው የሚጠይቁኝ የሚጮኸውን እንግዳ እንዴት እናስተናግደው ብለው ነው። ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ የማውቀውን እነግራችኋለሁ። ነገር ግን በዚህ ሁሉ ዘመን ይበልጥ የከበደኝ የሚጮኸው ሳይሆን፣ በለሰለሰ አንደበት የማይገባውን የሚጠይቀው እንግዳ መሆኑን አስቀድሜ ልንገራችሁ።

የሚጮኸው እንግዳ አብዛኛውን ጊዜ እውነት አለው። ሆቴሎች ክፍል ይዘው ሳይመጡ የሚቀሩ ሰዎች እንደሚኖሩ ገምተው ካሏቸው ክፍሎች በላይ ይሸጣሉ፤ ኦቨርቡኪንግ የምንለው ይህ ነው። ግምቱ ሲሳሳት፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ሻንጣውን እየጎተተ የሚደርሰው ሰው የያዘው ክፍል እንደሌለ የሚሰማው ከእናንተ አፍ ነው። እንዲህ ባለው ሌሊት «ሲስተሙ ነው» አትበሉ፤ ጥፋቱ የሆቴሉ መሆኑን በግልጽ ተናግራችሁ ይቅርታ ጠይቁ። ከዚያ በፊት ግን፣ እንግዳው ገና መንገድ ላይ ሳለ፣ ደረጃው ከእናንተ ወደማያንስ ሆቴል ደውላችሁ ክፍል ያዙለት፤ የታክሲውንና የዚያን ሌሊት የክፍል ሂሳብ ሆቴላችሁ እንደሚሸፍንም ከኃላፊያችሁ አረጋግጡ። መፍትሔ ይዞ የሚጠብቅ ሠራተኛ ድምፁ አይንቀጠቀጥም። «ይረጋጉ» የሚለው ቃል ደግሞ ከአፋችሁ አይውጣ፤ ተቆጥቶ ሳለ ይረጋጉ ተብሎ የተረጋጋ ሰው እስካሁን አላየሁም። ይልቁንም ቅሬታውን በራሱ ቃል መልሳችሁ ንገሩት፤ በትክክል መሰማቱን ሲያውቅ ድምፁ ዝቅ ይላል። ስድቡ ወደ ዛቻ ከተሻገረ ወይም እጁን ካነሳ ግን ብቻችሁን አትቁሙ፤ ኃላፊና ጥበቃ ጥሩ፤ ይህን ማድረጋችሁ ሥራችሁን አለመቻል አይደለም።

ብዙ ጭቅጭቅ ደግሞ ገና ሲገቡ በሚነገር አንድ ዓረፍተ ነገር ይቀራል። ለዋስትና በክሬዲት ካርዱ ላይ የምናስይዘውን ገንዘብ እንግዳው ሁለት ጊዜ የተቆረጠበት ይመስለዋል። ገንዘቡ የተያዘ እንጂ የተወሰደ አለመሆኑን፣ የሚለቀቅበትም ጊዜ እንደ ባንኩ ቀናት ሊወስድ እንደሚችል ቁልፉን ስትሰጡት ንገሩት፤ ሂሳብ ዘግቶ ሲወጣ የምትነግሩት ከሆነ ማመካኛ ይመስላል።

እንግዳ ፈጽሞ አይሳሳትም የሚለው አባባል እ.ኤ.አ. በ1898 በፓሪስ በስሙ የሚጠራውን ሆቴል ከከፈተው ከሴዛር ሪትዝ ጋር ተያይዞ ይነገራል። አባባሉን አከብረዋለሁ፤ ስለ ምግብ፣ ስለ ትራስ፣ ስለ ጫጫታ ሲሆን እኔም አምንበታለሁ። በሌላ ሰው በር ላይ ግን ሊሠራ አይገባም።

በሥራዬ ሁለተኛ ዓመት አንድ ሰው አበባ ይዞ ወደ ባንኮኒው መጣ። አለባበሱ ጽዱ፣ አነጋገሩ ትሑት ነበር። ባለቤቱ እኛ ዘንድ እንዳረፈች፣ ዕለቱ ልደቷ እንደሆነና ሳትሰማ ገብቶ ሊያስደስታት እንደሚፈልግ ነገረኝ፤ ሙሉ ስሟንም በትክክል ጠራ። ደንቡን አውቅ ስለነበር ቁልፉን አልሰጠሁትም። ነገር ግን ቅር እንዳይለው ብዬ «ልደውልላቸው» አልሁና ስልኩን አነሳሁ። ሴትዮዋ ማን እንደመጣ ስነግራት ጥቂት ዝም አለችና፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እዚህ መሆኔን ነግረኸዋል?» አለችኝ። ነግሬው ነበር። ስልኩን ሳነሳ ነግሬው ነበር። ሰውየውን ጥበቃ ከሸኘው በኋላ በዚያው ሌሊት በጓሮ በር አውጥተን ሌላ ሆቴል አሳረፍናት፤ የሷን ሌሊት ያበላሸው ግን የእኔ ይሉኝታ ነው።

ስለዚህ እንግዳው ኖረም አልኖረም መልሳችሁ አንድ ይሁን፤ «ስለ እንግዶች መረጃ አንሰጥም፤ መልእክት ካለዎት ይተዉልን» በሉ። እንግዳው ካለ ብቻ ነው መልእክት የምትቀበሉት ከሆነ፣ ያው እንደመናገር ነውና በሁለቱም ጊዜ ተቀበሉ። የክፍሉን ቁጥር ጮክ ብላችሁ አትጥሩ፤ ጽፋችሁ በእጁ ስጡት። ቁልፍ ጠፋብኝ የሚለውን፣ መልኩን ብታውቁትም፣ መታወቂያ ጠይቁት፤ መታወቂያው ክፍል ውስጥ ከሆነ ከጥበቃ ጋር አብራችሁ ውጡና እዚያው ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ1974 በአሜሪካ አንዲት ታዋቂ ድምፃዊት ባረፈችበት ሞቴል ክፍል ውስጥ ከባድ ጥቃት ደርሶባት ነበር፤ ኖርዌያዊው ቶር ሶርነስም እንግዳ በተቀየረ ቁጥር የሚቀየር የካርድ ቁልፍ ወደ መሥራት የተነሳው ይህን ዜና ሰምቶ ነው። ያ ሁሉ ድካም ግን ካርዱን በይሉኝታ ለሌላ ሰው በምንሰጥበት ቅጽበት ከንቱ ይሆናል።

እንግዳ ነገር የሚጠይቁ ደግሞ አሉ። መስታወቱ እንዲሸፈንላቸው፣ አልጋው ከግድግዳው እንዲርቅላቸው፣ ከላይኛው ፎቅ እንዲወርዱ የሚሹ ናቸው። ማንንም የማይጎዳ ከሆነ ምክንያቱን ሳትጠይቁ ፈጽሙት፤ በራቸው ሳይዘጋም አትሳቁ፤ ኮሪደር ድምፅ ያስተላልፋል።

ከሁሉ ይልቅ ግን ለመፈረጅ አትቸኩሉ። አንድ ሌሊት ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ አንድ አዛውንት ከሊፍት ወጥተው ወደ እኛ መጡ። ምላሳቸው ይተሳሰራል፣ እግራቸው ይወላከፋል፣ ክፍሌን ሌላ ሰው ይዞታል እያሉ ይቆጣሉ። አብሮኝ የነበረው ወጣት ሰክረዋል ብሎ ጥበቃ ሊጠራ ሲል ቀረብ ብዬ አየኋቸው፤ ሸሚዛቸው በላብ ርሷል፣ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ የመጠጥ ሽታ ግን የለም። የስኳር ሕመም አለብዎት ወይ ብዬ ስጠይቃቸው በአዎንታ ራሳቸውን ነቀነቁ። የደም ስኳር ሲወርድ ሰውን እንደ ሰካራም ያንተባትበዋል፤ መጠጥ የሸተተ ሰውም ቢሆን ከዚህ ነጻ ነው ማለት አይደለም። መዋጥ ይችሉ ስለነበር አስቀምጠን ጣፋጭ ጭማቂ ሰጠናቸው፤ ራሱን ለሳተ ሰው ግን በአፉ ምንም ሳይሰጡ አምቡላንስ መጥራት ነው የሚገባው። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ስማቸውንና የክፍላቸውን ቁጥር አስታወሱ፤ ሐኪምም መጥቶ አያቸው።

ወጣቱ በፈረቃ መዝገቡ ላይ «እንግዳው ሰክረው ረበሹ» ብሎ ጀምሮ ነበር። አሰረዝሁትና ያየውን ብቻ አስጻፍሁት፤ ሰዓቱን፣ ላቡን፣ የእጃቸውን መንቀጥቀጥ፣ የሰጠናቸውን ጭማቂ፣ ሐኪሙ የደረሰበትን ጊዜ። ጠዋት የተረከበችን ልጅ ይህን አንብባ ስለነበር፣ አዛውንቱ ለቁርስ ሲወርዱ ከባንኮኒው ጀርባ ወጥታ እንዴት እንዳደሩ ጠየቀቻቸው።