አጥንቱን የሰበርኩት በማውስ ነው

ልጆቼ፣ የራጅ ፊልም ሳነብ ፀጉሬ ሸብቷል። ዛሬ የማጫውታችሁ ግን ስላፈርኩበት ቀን ነው።

ሬዚደንት፣ ማለትም ስፔሻሊስት ለመሆን የምማር ሐኪም ሳለሁ አንድ ወጣት ፊቱን ተመቶ መጣ። ሲቲ ስካን ተነሳ። እኔም ከሲቲው ስሪ ዲ፣ ማለትም በሁሉም አቅጣጫ የሚዞር ምስል መሥራት ገና ስለተማርኩ የራስ ቅሉን በስክሪን ላይ አሽከረከርኩት። የግራ ዓይኑ ጎድጓዳ ሥር ትልቅ ቀዳዳ ወለል ብሎ ታየኝ። "ተሰብሯል!" ብዬ ወደ ቀዶ ሐኪሙ ሮጥኩ። እሳቸው ስሪ ዲውን አይተው ዝም አሉ። ከዚያ "እስቲ ስሪ ዲው የተሠራባቸውን ቁራጭ ምስሎች አሳየኝ" አሉኝ። አንድ በአንድ አየናቸው። አጥንቱ ቀጭን መስመር ሆኖ በቦታው ቁጭ ብሏል። መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ምን ሆኖ ነው? ሲቲ ፎቶ አያነሳም። ሰውነትን በጥቃቅን ኪዩቦች ከፋፍሎ ለእያንዳንዱ ቁጥር ይሰጣል። ውሃ 0፣ አየር ከዜሮ በታች 1000 ነው፤ አጥንት ብዙ መቶዎችን ይዞ ወደ ላይ ይወጣል። መለኪያው የተሰየመው በሃውንስፊልድ ነው። በ1971 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ የመጀመሪያው ታካሚ የተነሳበትን ማሽን የሠራው እሱ ነው። ሐኪም አልነበረም፣ መሐንዲስ ነው። (ኢንጂነሪንግ የምትማሩ፣ ይቺን ያዙልኝ።)

ስሪ ዲ ስትሠሩ "ከዚህ ቁጥር በላይ ያለው አጥንት ነው" ብላችሁ መስመር ታሰምራላችሁ። የዓይን ጎድጓዳ ወለል ደግሞ ከአንድ ሚሊሜትር የሚሳሳ ቦታ አለው። ከላዩ ስብ፣ ከሥሩ አየር ነው። ሦስቱ አንድ ኪዩብ ውስጥ ሲገቡ ቁጥራቸው ይደባለቅና ከመስመሩ በታች ይወርዳል። ሶፍትዌሩም ይሰርዘዋል። ያንን አጥንት የሰበርኩት እኔው ነበርኩ።

ስሪ ዲን እያጣጣልኩ አይደለም። "ሰላም" የተባለችው የጥንት ሕፃን ቅሪተ አካል ጥርስ ፈረንሳይ፣ ግረኖብል ውስጥ ሲንክሮትሮን በሚባል እጅግ ኃይለኛ የኤክስሬይ ምንጭ ተነስቷል። ሳይቆረጥ የውስጥ የዕድገት መስመሮቹ ተቆጠሩ። ሕፃኗ ስትሞት ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ገደማ እንደነበረች የታወቀው በዚህ ነው። ድንቅነሽም በ2008 ቴክሳስ ውስጥ አሥር ቀን ሙሉ ስትነሳ ከ35,000 በላይ ቁራጭ ምስል ወጣላት። ያንን ያጠኑ ሰዎች በ2016 "ከዛፍ ወድቃ ነው የሞተችው" አሉ። ያገኛት ዶናልድ ጆሃንሰን ግን አልተቀበለውም፤ አጥንት መሬት ውስጥ ተቀብሮም ይሰበራል ባይ ነው። እኔ ወደ እሱ አደላለሁ፣ ምናልባት ያቺን ቀዳዳ ስላልረሳሁ ይሆናል።

የድንቅነሽ ትከሻና ጉልበት የስሪ ዲ ፋይል ኢንተርኔት ላይ በነፃ ተለቋል። አውርዱት፣ አሽከርክሩት። በዚያው ሳምንት ግን አናቶሚ ክፍል ገብታችሁ እውነተኛ የራስ ቅል አስፈቅዳችሁ ያዙ። ወደ መስኮቱ ጠጋ በሉና የዓይን ጎድጓዳውን ወደ ብርሃን አዙሩት። ወለሉ እንደ ስስ ወረቀት ብርሃን ያሳልፋል።